ስለ እሁዱ መቆራረጥ የወጣ ማስታወቂያ

ጥቅምት 4

ይድረስ በዕድሜ ለሚያንሰኝ፣ በኮምፒውተር ለሚበልጠኝ ወንድሜ፣

በቤታችን ሳሎን፣ ከመስኮቱ በስተግራ፣ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚገኘው ኮምፒውተር ባለፈው እሁድ ከቀትር በኋላ በሥራ ላይ እንዳለ ለአጭር ጊዜ ድርቅ ብሎ መቅረቱን፣ ድምፁም ተቆራርጦ መሰማቱን በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን። በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። እናታችን «ልጄን!» ብላ ደረቷን መትታ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሟቹ ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ «ሃሎ? ሃሎ? ይሰማል?» ስላለ ለቅሶው ተሰርዟል።

እንግዲህ ቻለኝ። ቀኑን ሙሉ «በመስመር ጥገና ምክንያት ውሃ የሚቋረጥባቸው ሰፈሮች» እያልኩ ስጽፍ ውዬ እቤት ስገባ እጄ ከዚያ ቋንቋ አይወጣልኝም። በውሃ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ስትጽፍ ያረጀች ሴት «እንደምን ሰነበትክ» ለማለት እንኳ ማህተም ያምራታል። እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት እንደ ድሮው ነው፤ አንደበቷ ከድሮው ብሷል።

በወረቀት የምጽፍልህ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በኮምፒውተር የምልክልህ ነገር ሁሉ አንተ ዘንድ ሲደርስ ይቆራረጣል። ሁለተኛ፣ በጥሪው ላይ እማዬ አጠገቤ ስለምትቀመጥ የሚባለውም የማይባለውም እሷ ጆሮ ላይ ነው የሚያርፈው።

የበሽታው ምልክት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ድምፅህ ዘይት ውስጥ እንደገባ ነገር ቸስ ቸስ ይላል። ቀጥሎ ቃላትህ እየተገመሱ ይመጣሉ፤ «እንዴት ናችሁ» ያልከው «እንዴ... ቹ» ሆኖ ይደርሰናል። ከዚያ ምስልህ አፉን እንደከፈተ ቀጥ። አንዳንዴ ቶሎ ይመለሳል። አንዳንዴ ይረዝማል። ባለፈው እሁድ የረዘመው እኔ ስለ ቅርንጫፉ ስጠይቅህ ነው።

ጥያቄውን ሳትሰማው ስለቀረህ እዚህ ላይ በቀለም አሰፍረዋለሁ፤ ቀለም እንደ ምስልህ ቀጥ ብሎ ስታክ አያደርግም። በሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፋችን የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቷል። ለእኔ! ስንቱን ኃላፊ ሻይ እያጠጣሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን እያቃናሁ ከሸኘሁ በኋላ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ። እማዬን ይዤ እንዳልሄድ የሚሰጡኝ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እሷም «ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክመውኝ ነው» ብላለች። ብቻዋን እንዳልተዋት ባለፈው ወር ምድጃ ለኩሳ ረስታ፣ ጭሱን አይታ የደረሰችልን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ሁለት ሠራተኛ ቀጥሬ አንዷን «ዓይኗ አላማረኝም»፣ ሌላዋን «እያዜመች ትጠርጋለች» ብላ አባራቸዋለች።

አንተ ደግሞ «ሥራዬ ላፕቶፔ ውስጥ ነው፤ የትም ሆኜ እሠራለሁ» እያልክ ስትኩራራብን የኖርክ ሰው ነህ። የትም ከተባለ ይህም ቤት የትም ውስጥ ይቆጠራል። ለአንድ ዓመት መጥተህ ከእሷ ጋር ትቀመጥልኛለህ ወይ? ጥያቄው ይኼ ነው። አጭር ነው።

ለኮምፒውተሩስ ምን ይደረግለት?

እህትህ


ጥቅምት 21

እትዬ፣ የኔ ማስታወቂያ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ አከራዬ በሩን አንኳክቶ «ደህና ነህ?» አለኝ። ደህና ነኝ። የዘገየሁት ሥራው አንገቴ ድረስ ስለሆነ ነው፤ ይቅርታ። ለጠየቃችሁኝም ሁሉ መልሱ ይኸው፦ አዎ፣ ትንሽ ከስቻለሁ። አይ፣ አልታመምኩም። ጺሙን እላጨዋለሁ፤ ለእማዬ ንገሪያት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ወደ ኮምፒውተሩ።

ከሁሉ በፊት ሕመሙ ከኢንተርኔቱ ነው ወይስ ከራሱ ከኮምፒውተሩ የሚለውን መለየት አለብን። ባለፈው ስመጣ የጫንኩላችሁን ዘፈኖች ክፈቺ። እነሱ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ እነሱም ከተቆራረጡ ጥፋቱ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ የስፒከሩን ገመድ ከፊት ለፊት ነቅለሽ ከሲፒዩው፣ ከትልቁ ሳጥን፣ ጀርባ ሰኪው። የኃይል አጠቃቀሙን «ቆጣቢ» ከሚለው ወደ «ሙሉ አቅም» ቀይሪው፤ ኮምፒውተር በቁጠባ ሲሠራ በየመሃሉ ያንቀላፋል። የድምፁን ድራይቨር አፕዴት አድርጊ። ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩንና ስፒከሩን የሚያግባባ አስተርጓሚ ነው በይው፤ አስተርጓሚ ሲያረጅ ቃል ይውጣል። በመጨረሻ ሲፒዩውን ከፍተሽ አቧራውን አራግፊለት፤ ግን መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ንቀይው፣ አደራ!

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ይኼን ለሠልጣኞቼ የማስተምረው ነው። እውነተኛ ስታክ የሚይዘው ሁሉንም በአንድ ላይ ነው። ምስሉ ውስጥ ያለ በሙሉ፣ ሰውም ዕቃም፣ እኩል ቀጥ ይላል። ድምፁም ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻዋን ቁራጭ እንደ ማስቲካ እያኘከ ይደጋግማታል። በዚህ ነው የሚታወቀው። መቼ መቼ እንደሚያደርግ፣ ምን እያወራን እንደሆነ እያየሽ ጻፊልኝ፤ ባለሙያ ያለ ምልክት አይሠራም።

ስለዚያ ስለ ሌላው ነገር እሁድ ፊት ለፊት እንነጋገራለን። እንዲህ ያለው ነገር በወረቀት አይሆንም።

እማዬን ሳሚልኝ።

ያንቺው ቴክኒሻን


ኅዳር 5

ለባለሙያው፣

ያዘዝከው ሁሉ ተፈጽሟል። ሲፒዩው የተከፈተው እማዬ ባለችበት፣ ልብስ ሰፊዋም በታዛቢነት በተገኘችበት ነው። ከውስጡ የወጣውን አቧራ ሰብስበን ብንሞላው ትራስ ይወጣው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ትንሽ አየት አደረገችና፦

«በጥፊ ብትዪው አይሻልም?» አለች።

«ኧረ ዕቃ ነው!» አልኳት።

«የእኔም መኪና ዕቃ ነው። ክር ሲበጥስብኝ አንድ ጊዜ ጎኑን አጮለዋለሁ፣ አደብ ይገዛል።»

«ልጄ የሠራውን ማንም በጥፊ አይመታም» አለች እማዬ። ኮምፒውተሩን የሠራኸው አንተ እንዳልሆንክ ማንም ደፍሮ አልነገራትም።

የምርመራው ውጤት፦ ዘፈኑም ተቆራረጠ። ስለዚህ የኢንተርኔት ድርጅቱ ነጻ ወጥቷል፤ ዓመት ሙሉ የሰደብኩትን ስድብ በሙሉ አንስቻለሁ። ገመዱን ከኋላ ብሰካውም ያው ነው። ከቁጠባው ሳወጣው ትንሽ ነቃ ብሎ ነበር፣ ተመልሶ አንቀላፋ። ድራይቨሩን አፕዴት ሳደርግ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» አለኝ። እኔም በመሥሪያ ቤት እንደዚያ እያልኩ ስለምጽፍ ወዲያው አልተሳካም ማለት እንደሆነ ገባኝ።

የእማዬን መነጽር ለጠየቅኸኝ፣ ተገኝቷል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር።

እሁድ ፊት ለፊት እንነጋገራለን ብለህ ነበር። ፊት ለፊት ሆንን። ምልክት ጻፊ ስላልከኝም ጽፌያለሁ። ስለ እማዬ ጉልበት ስናወራ ቸስ ቸስ አለ፣ ከዚያ ለአፍታ ደረቅህና ድምፅህ «ልበትሽ ልበትሽ ልበትሽ» እያለ እንደ ማስቲካ ተኘከ። ልክ እንዳስተማርከኝ። ስለ ልብስ ሰፊዋ ልጅ ሠርግ ስናወራ ጥራቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሙሽራዋ ሙሉ በሙሉ ደርሳሃለች። እኔ «ታኅሣሥ» የሚለውን ቃል ስጠራ ግን ሙሉ ድርቀት። ድምፅ የለ፣ ማኘክ የለ። እማዬ ሻይዋን እስክትጨርስ ድረስ። ከዚያ ነፍስ ዘርተህ «ውይ፣ ተቋርጦ ነበር፤ ምን እያልን ነበር?» አልክ። እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ ቀደመችኝ፦ «ስለ ሠርጉ።»

እኔ ክስ አላቀርብም። ማስታወቂያ ጸሐፊ አትከስም፣ ታስታውቃለች። ኅዳር ሲባል ደህና ሆኖ ታኅሣሥ ሲባል የሚደርቅ ኮምፒውተር ግን ወር መለየት ማን እንዳስተማረው ማወቅ እፈልጋለሁ። አለቃዬም በየማለዳው በሬ ላይ ቆሞ «ወሰንሽ?» ይለኛል። «ቴክኒሻኑን እየጠበቅሁ ነው» እለዋለሁ። ቧንቧ የፈነዳብኝ መስሎት ያዝንልኛል።

እህትህ


ኅዳር 20

እትዬ፣

አገኘሁት! ሌባው ዋይፋዩ ነው።

ተመልከቺ፣ በቀላሉ ላስረዳሽ። ኮምፒውተሩን አንድ መስኮት ብቻ ያለው ቢሮ አድርጊው። ድምፁም፣ ምስሉም፣ ኢንተርኔቱም እዚያ መስኮት ላይ ተሰልፈው በየተራ ይስተናገዳሉ። ዋይፋይ የሚቀበለው ክፍል ድራይቨሩ ሲያረጅ ተራው ደርሶ መስኮቱን ከያዘ አይለቅም፤ መሥሪያ ቤታችሁ ይመጣሉ እንዳልሽኝ ጡረተኛ ወሬውን ከአባቱ ጀምሮ ይተርካል። ድምፁ ደግሞ መጠበቅ አይችልም፤ ተራው ካለፈ ይቆራረጣል። ሰልፉ ከረዘመ ሁሉም ድርቅ ይላል። ስለዚህ ዋይፋዩን አጥፊና ዘፈኑን ክፈቺ። ካልተቆራረጠ ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ነው። ከዚያ ረጅም ኬብል ግዢና ኮሪደር ላይ ካለው የኢንተርኔት ሳጥን በቀጥታ ሲፒዩው ላይ ሰኪው። ዋይፋዩን ለዘላለም ተሰናበቺው።

እስከዚያ ድረስ በጥሪው ላይ ቀላል ቀላሉን ብንጫወት ጥሩ ነው። ከባድ ወሬ መስመሩን ያጨናንቀዋል። አትሳቂ።

እሁድ ስላነሳሽው ነገር፦ «ለሁለት ዓመት የቤት ኪራይ ውል ፈረመ» ብሎ የነገረሽ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል። ፈርሜያለሁ፤ ግን ማነው የነገረሽ? ውል ማለት እኮ ወረቀት ነው። ወረቀት ይቀደዳል። ማለቴ፣ ካስፈለገ። እያሰብኩበት ነው፤ አላሰበም አትበዪኝ።

ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? እማዬን እንዳንቺ የሚችልበት ሰው የለም። እኔ ብሆን በሳምንቱ ተያይዘን ነበር የምናብደው። መድኃኒቷን በየትኛው ብርጭቆ እንደምትጠጣ እንኳ አላውቅም። አንቺ ስትፈጠሪም ተሰጥኦው አለሽ። ይኼን ሳስብ እንዴት እንደምኮራብሽ!

ኬብሉን ስትገዢ ርዝመቱን ለክተሽ ሂጂ፤ ተቀጥሎ የሚሠራ ኬብል አይሆንም።

የሚወድሽ ወንድምሽ


ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለሚኮራብኝ ወንድሜ፣

ኮምፒውተሩ ድኗል። ዋይፋዩን አጠፋሁና ዘፈኑን ከፈትኩ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቸስ ሳይል ዘለቀ። ኬብሉን ገዛሁ፤ ከኮሪደሩ ተነስቶ በምንጣፉ ጠርዝ ሥር ሳሎን ይገባል። ደፉ ላይ ብቅ የሚል ቦታ አለው፤ እማዬ እዚያ ስትደርስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወንዝ እንደምትሻገር ትሻገረዋለች። ጎበዝ ነህ። ይኼን ያለ ምንም ቀልድ ነው የምጽፈው፤ ዕቃ ይታዘዝልሃል።

እሁድም ደረሰ። መጣህ። ድምፅህ እዚህ ክፍል ውስጥ ያለህ ያህል ነበር፤ ሻይህን ስትውጥ እንኳ ይሰማል። እማዬ ፀጉሯን አበጠረች። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳቅን። ሠርጉን ጨረስን፣ ጺሙን ጨረስን፣ የአከራይህን ውሻ ጨረስን። ከዚያ ጠየቅሁህ፤ ቀስ ብዬ፣ ያለ ከባድ ቃል፣ መስመሩ እንዳይጨናነቅ።

ደረቅህ።

አፍህ ገርበብ እንዳለ፣ ግራ ዓይንህ ጠበብ እንዳለ። ድምፅ የለም። የሚኘክ ቁራጭ የለም። ሠልጣኞችህን የምታስተምረውን ትምህርት ለእኔም ስላስተማርከኝ ከኋላህ ያለውን ማየት ጀመርኩ። ቬንቲሌተሩ ይዞራል። መጋረጃው ከፍ ዝቅ ይላል። ከብርጭቆህ እንፋሎት ይወጣል። በዚያ ክፍል ውስጥ ስታክ ያደረገው አንድ ዕቃ ብቻ ነው።

ከዚያ ዝንቧ መጣች። ግንባርህ ላይ ዐረፈች፤ ቻልካት። አፍንጫህ ላይ ተንሸራሸረች፤ አሁንም ቻልካት፣ ጀግና ነህ። ከንፈርህ ጋ ስትደርስ ግን የደረቀው ሰውዬ «እፍ!» አላት።

ሳቄ አመለጠኝ። አብራኝ እንድትስቅ ወደ እማዬ ዞርኩ። አልሳቀችም። አንተ ያን ጊዜ «ውይ፣ ተቋርጦ ነበር» እያልክ ስለነበር እኛን አልሰማህም። ጥሪው ካለቀ በኋላ ጠየቅኋት።

«አየሽው?»

«ከመጀመሪያው ነው የማየው» አለች፣ ጨርቁን ኮምፒውተሩ ላይ እየመለሰች። «ልጄን አላውቀውም? ሕፃን ሆኖ ዕቃ እጠብ ሲባል መጋረጃው ጀርባ ሄዶ ቀጥ ይል ነበር። እግሩ ከሥር ይታያል። አባትሽ 'የት ገባ ይኼ ልጅ?' እያለ አጠገቡ ያልፍ ነበር። እኔም አልፈው ነበር። ሲያሳዝን!»

«እና ሳህኑን ማን ያጥበው ነበር?»

ትንሽ አሰበች። የማስታወስ ችሎታዋ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ይኼን ግን ሳትቸገር አገኘችው።

«አንቺ ነሻ» አለችኝ። የቀኑን ስም እንደምትነግረኝ ሁሉ።

ከዚያ እጄን ይዛ፦ «በይ አትጠይቂው። ስትጠይቂው ይደርቃል። እኔ የማየው በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱንም አታድርቂብኝ።»

እንግዲህ ታኅሣሥ ገና አላለቀም። እሷ ፊት ሁለተኛ አልጠይቅህም። መልሱን በወረቀት ጻፍልኝ፤ እሺ፣ ወይም እምቢ። እምቢም ብትል ቢያንስ እምቢ ብሎ የጻፈልኝ ወንድም ይኖረኛል።

እህትህ


ታኅሣሥ 22

እትዬ፣

በመጀመሪያ ይኼ ደብዳቤ ከአንድ ጥቅል ጋር እንደሚደርስሽ ላስታውቅሽ (አየሽ፣ ተጋባብኝ)። ሄድፎን ነው፤ ሁለት አድርጌያለሁ፣ አንዱ የእማዬ፣ አንዱ ያንቺ። ጆሮ ላይ ለስለስ ያለውን ለእሷ ስጪያት። ድምፁ አሁን ከሚሰማችሁም በላይ ይጠራል።

ያልሽውን ነገር በባለሙያ ዓይን አሰብኩበት። ካሜራው ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ካሜራ የምስሉን ዳር ዳር እያንቀሳቀሰ መሃሉን የሚይዝበት ጊዜ አለ። ብርቅ ነው፤ ግን አለ። ስለ ዝንቧ ማብራሪያ የለኝም።

ደግሞስ ባለፈው እሁድ ስታክ ያደረግሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ! ያቺን ነገር ስጠይቅሽ አፍሽን ልትከፍቺ ብለሽ ድርቅ አልሽ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ረዘመ። እትዬ፣ በጣም ረዘመ። እንደዚያ ትኩር ብለሽ አይተሽኝ አታውቂም። እማዬ አጠገብሽ ትንቀሳቀሳለች፣ ጉልበትሽን መታ መታ ስታደርግሽ ይታየኛል፣ አንቺ ግን ፎቶ ሆነሻል። ልብ በይ እንግዲህ፦ እሷ እየተንቀሳቀሰች አንቺ ቆመሻል። ስለዚህ ግማሹን ብቻ የሚይዝ ስታክ አለ ማለት ነው! የእኔም እንደዚያ ነበር ብልሽ አታምኚኝም ነበር። ኬብሉን ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪው፤ በሁለቱም ጫፍ።

ግን ፈርቼ ነበር። ጥያቄውን ባልጠይቅ ይሻል ነበር።

ስለ ቅርንጫፉ፣ እምቢ አላልኩም። እምቢ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፤ እምቢ አለኝ ብለሽ ለሰው እንዳትነግሪ። ብቻ ዓመት ማለት ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ፤ ተመልሼ ከገባሁ ሁለተኛ የምወጣ አይመስለኝም። አንቺ ይኼ አይገባሽም፣ ወጥተሽ ስለማታውቂ። በክረምት ሁለት ሳምንት እመጣለሁ። ያኔ አንቺ ታርፊያለሽ፣ ኮምፒውተሩንም ከነአካቴው አጽድቼ እንደ አዲስ እጭንልሻለሁ።

አትቀየሚኝ።

ወንድምሽ


ጥር 8

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሄድፎኖቹ በደህና ደርሰዋል። እማዬ የእሷን ከሻሿ በላይ አድርጋዋለች፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም አታወልቀውም። ጎረቤት ሲመጣ «ልጄ ነው የላከው» ለማለት አንደኛውን ጆሮ ብቻ ከፈት ታደርጋለች። የእኔን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት። የመኪናዋን ጩኸት ይሸፍንላታል።

በታኅሣሥ የመጨረሻው የሥራ ቀን አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። የእምቢታ ወረቀት የምጽፈው እኔው ነኝ፤ ከእኔ በቀር በዚያ መሥሪያ ቤት ወረቀት የሚያምርለት የለም። «ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ ብዙ አሰብኩና «በቴክኒክ ችግር» ብዬ ሞላሁ።

«የምን ቴክኒክ?» አለኝ አለቃዬ።

«የቤት።»

«ቧንቧው እስካሁን አልተጠገነም?»

«ቧንቧውስ ተጠግኗል» አልኩት።

ቦታው ከእኔ ጎን ለሚቀመጠው ልጅ ተሰጥቷል። የመጀመሪያ ማስታወቂያውን እንዳርምለት ከዚያው ልኮልኛል። አርሜ መለስኩለት፤ አመስግኖኛል።

ወጥተሽ ስለማታውቂ አይገባሽም ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ልክ ነህ። እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለማየት ነበር ዓመቱን የለመንኩህ።

አሁን ስለዚያች እሁድ። «አልተቀየምሽኝም አይደል እትዬ?» ነበር ያልከኝ። ይኼን የምጠቅሰው ጥያቄህ በመስመሩ ብልሽት ሳይሰማ የቀረ እንዳይመስልህ ነው። ጥርት ብሎ ተሰምቷል። ልመልስልህ አፌን ከፈትኩ። «ተቀይሜያለሁ» ብል እማዬ አጠገቤ ናት። «አልተቀየምኩም» ብል ደግሞ ሳህን ማጠቢያው ጋ ቆሜ የቀረሁ መሰለኝ፤ ያኔም ሲጠይቁኝ እንደዚያ ነበር የምለው። ስለዚህ እዚያው ባለሁበት ቀረሁ። አንተ ስታደርገው ቀላል ይመስለኝ ነበር። ለካ ከባድ ነው! ዓይን ያቃጥላል፣ አንገት ይደነዝዛል፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ፊቱ ሲለዋወጥ ማየት ነው። በዚህ ሙያ ስንት ጊዜ እንደደከምክ አስቤ አከበርኩህ።

ጉልበቴን መታ መታ ያደረገችው እማዬ ምን እንዳለችኝ አልሰማህም። መጀመሪያ ወደ አንተ ጎንበስ ብላ «መስመሩ ነው ልጄ፣ አሁን ይመለሳል» አለችህ። ከዚያ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ ለእኔ ብቻ፦ «በይ ተመለሽ። ልጁን አታስጨንቂው።»

ተመለስኩ። «ውይ፣ ተቋርጦ ነበር፤ ምን እያልን ነበር?» አልኩህ።

«ስለ ሠርጉ» አልከኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሠርጉ ነው የምናወራው። ባለፉት እሁዶች አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። እማዬ «አየሽ፣ ልጄ ጠገነው» ትላለች፤ እኔም ጠገነው እላለሁ። ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ነቅዬ ሰክቼዋለሁ። በክረምት ስትመጣ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ መጫን አያስፈልግህም፤ እሱ ምንም አልሆነም።

ከዚህ በታች ያለው ለመዝገብ ያህል ነው።

እርማት

ጥቅምት 4 ቀን ከዚህ ቤት በወጣው ማስታወቂያ የሳሎኑ ኮምፒውተር በሥራ ላይ እንዳለ ለአጭር ጊዜ ድርቅ ብሎ እንደቀረ ተገልጾ ነበር። በተደረገው ማጣራት ኮምፒውተሩ ኬብል ከገባለት ወዲህ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኝ፣ ደርቀው የተገኙትም የቤቱ ሁለት ልጆች መሆናቸው ተረጋግጧል። በዚሁ ማስታወቂያ «በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» ተብሎ የተገለጸው ሳይጣራ የወጣ ነው። «ለአጭር ጊዜ» የሚለውም ይሰረዝ።